አንድ ፊደል የሳትኩበት ጠዋት

የእህቴን ኮምፒውተር ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሰው ሲያወራው ግን «ሰሚራ ናት ያዳነችው» እያለ እኔኑ ያመሰግናል። ይህን ወሬ በከተማችን በመካነ ሰላም በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ስለዚህ የሆነውን እንደ ሆነ ልጻፈውና አንብባችሁ ፍረዱ።

ያኔ በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ቤት ከተቀመጥኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሥራ ፍለጋ ያልረገጥኩት ደጅ አልነበረም። አንድ ቀን ደሴ ለቃለ መጠይቅ ጠሩኝ። ከጠያቂዎቹ አንዱ፣ «ኮምፒውተር ሲበራ፣ ስክሪኑ ላይ ምንም ከመምጣቱ በፊት፣ ውስጡ ምን ይካሄዳል?» አለኝ። አራት ዓመት ተምሬ፣ በጥሩ ውጤት ተመርቄ፣ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ዊንዶውስ ይነሣል» አልኩት። ሰውየው ሳቀ። አጠገቡ የነበሩትም ሳቁ። ከደሴ እስከ ቤቴ ድረስ ያንን ሁሉ ኮረኮንች ጥርሴን ነክሼ መጣሁ። በሰውየው ብቻ አልነበረም የተናደድኩት። እያስሸመደዱ ባሳለፉኝ መምህራንም፣ ሸምድጄ ባለፍኩት በራሴም ተናደድኩ።

በማግሥቱ ከርነል መጻፍ ጀመርኩ። ከርነል ማለት ኮምፒውተሩ ሲነሣ ሥራውን የሚረከበው፣ ኪቦርዱንም ስክሪኑንም ዲስኩንም የሚያዘው የሥርዓቱ እምብርት ነው። የምትይዙት ስልክ ሁሉ ውስጡ አንድ አለው። የእኔው ለመማሪያ ብቻ ነበር፤ ማንም አይጠቀምበትም። አባቴ፣ አብየ፣ በበሩ ባለፈ ቁጥር፣ «ይች ልጅ ጥቁር መስኮት ላይ እንዳፈጠጠች ልትቀር ነው» ይላል። እኔ ግን ቀጠልኩ። ያ ሰውየ የሳቀበትን ጥያቄ ከሥሩ ነቅዬ ማየት ነበረብኝ።

የምሠራበት ላፕቶፕ የታላቅ እህቴ የዘሀራ ነው። ዘሀራ ስምንት ዓመት ዐረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ በዚያው ዓመት ተመልሳለች። እኔን ያስተማረችኝም እሷ ናት። ላፕቶፑን ስትሰጠኝ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የፈለግሽውን ሥሪበት። የሀዋን ድምፅ ግን አደራ።»

ሀዋ ከዘሀራ ጋር በአንድ ቀን ከአገር የወጣች ጓደኛዋ ነበረች። እዚያው ታማ ሞተች። ከመሞቷ በፊት፣ የላካት ደላላ አሠሪዎቿን አነጋግሮ ሐኪም ቤት እንዲያስወስዳት በድምፅ መልእክት ስትለምነው ከርማለች። እሱም በድምፅ መልሶላታል። ሀዋ የእሷንም የእሱንም መልእክት ለዘሀራ ልካላት ነበር። ዘሀራ ከስልኳ ወደ ላፕቶፑ ገለበጠችው፤ ስልኳ ወደ አገር ስትመለስ መንገድ ላይ ጠፋ። እንግዲህ የሀዋ ድምፅ ያለው እዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነው። እኔ የኮምፒውተር ምሩቋ፣ «ሌላ ቦታም ገልብጪው» ብዬ አልነገርኳትም። ዛሬም ድረስ ለራሴ ይቅር ያላልኩት ይህን ነው።

ደላላው ለሀዋ እናት ለእትየ ዘይነባ የነገራቸው ሌላ ነው። «ልጅሽ ከወንድ ጋር ከአሠሪዎቿ ቤት ጠፍታ ነበር። በገዛ እጇ ነው የሞተችው» አላቸው። ከዚያ ወዲያ እትየ ዘይነባ ገበያ አይወጡም፣ ሰርግ አይሄዱም፤ ሊያጽናና የሚመጣውም ሰው ቀስ በቀስ ቀረ። ዘሀራ እንደ ተመለሰች ሄዳ እውነቱን ብትነግራቸው፣ ደላላው ቅጥፈት ነው ብሎ ማለ። ዘሀራም ድምፁን ያለ ምስክር ልታሰማቸው አልደፈረችም። ነገሩ ሽማግሌ ፊት ወጣ። ሐሙስ ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ እትየ ዘይነባ ቤት ሊቀመጡ ተቀጠረ። የሰውየውን ስም አልጽፍም። ልጆቹ እዚህ ከተማ ይማራሉ፤ እነሱ ምንም አላደረጉም።

እኔ ጥፋቴን የሠራሁት ያን ሐሙስ ጠዋት ነው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ስሕተት ሲያሠቃየኝ ከርሟል። ከርነሌ ከተነሣ በኋላ ማንኛውንም ቁልፍ ስጫን ማሽኑ ድርቅ ይላል። ያን ጠዋት ቁርስ ላይ ስሕተቱ የት እንዳለ በራልኝ። ሻዬን ትቼ ሮጥኩ። ዘሀራ ጓሮ ልብስ እያጠበች ነበር።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት ከአንድ ፍላሽ አስነሥቼ እሠራለሁ፤ የሠራሁትን ከርነል ደግሞ በሌላ ፍላሽ ላይ እጽፋለሁ። ማሽኑ ሦስቱን የሚለያቸው በአንድ ፊደል ነው። የላፕቶፑ የራሱ ዲስክ «ኤ»፣ ማስነሻው ፍላሽ «ቢ»፣ የእኔ ፍላሽ «ሲ»። የመጻፊያውን ትእዛዝ በችኮላ ጻፍኩና መታሁት። አለቀ አለኝ። ሁለቱንም ፍላሽ ነቅዬ ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁት፤ የእኔን ብቻ መልሼ ልሰካ ስል ስክሪኑ ቀደመኝ።

«ዝግጁ ነኝ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። የከርነሌ ጽሑፍ ነው፤ ፊደሎቹን ነጥብ በነጥብ የሣልኳቸው እኔ ነኝ። አንድ ቁልፍ ተጫንኩ። «ሀ» ወጣ። ሌላ ተጫንኩ። «ለ» ወጣ። አልደረቀም! «አልሀምዱሊላህ!» ብዬ ጮህኩና በደስታ እጄን አነሣሁ።

ፍላሹ እጄ ውስጥ ነበር።

ገና አልሰካሁትም። ታዲያ ከርነሌ ከየት ተነሣ? ፍላሹን አየሁ፣ ስክሪኑን አየሁ። መልሱ አንድ ብቻ ነው። «ሲ» ማለት ሲገባኝ «ኤ» ብያለሁ። ከርነሌን የጻፍኩት በዘሀራ ዲስክ ላይ፣ በሀዋ ድምፅ ላይ ነው።

ዘሀራ ጩኸቴን ሰምታ እጇ አረፋ እንደያዘ ገባች።

«ምን አገኘሽ? ሠራልሽ?»

ፍላሹን ዘርግቼ አሳየኋት።

«ሰሚራ፣ ምን ሆነሻል?»

«ዲስክሽን... አጥፍቼዋለሁ።»

መጀመሪያ አልገባትም። «የትኛውን?» አለች። ከዚያ ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ዘሀራ ስትቆጣ አትጮህም ነበር፤ ያን ቀን ጮኸች።

«ስምንት ዓመት የሰው ሽንት ቤት አጥቤ አስተማርኩሽ! አንድ ቀን ምን አደረግሽ ብየሻለሁ? ይችን አንዲት ነገር አደራ አልኩሽ! ዛሬ! በዛሬ ቀን!»

ላፕቶፑን ነጠቀችኝ። ግድግዳው ላይ ልትፈጠፍጠው ከፍ ስታደርገው ዘልዬ ክንዷን ያዝኩ።

«እንዳትጥይው! ከጣልሽው ያኔ ነው የሚጠፋው!»

«አሁን አልጠፋም?»

«አላውቅም!»

«አታውቂም? ታዲያ አንች ምኑን ነው የተማርሽው?»

ያች ቃል እንደ ጥፊ አረፈችብኝ። እንባዬን ዋጥ አደረግኩና ተናደድኩ። በእሷ ሳይሆን «አላውቅም» በሚለው ቃል ተናደድኩ። ስምንት ወር ሙሉ የዲስክ መጀመሪያ ላይ ምን እንዳለ ሳጠና አልነበረም እንዴ? መሬት ላይ ተቀምጬ ማሰብ ጀመርኩ። ዘሀራ ላፕቶፑን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ቆማ ታየኛለች።

ከርነሌ ትንሽ ነው፤ ስልሳ ኪሎባይት አካባቢ። ከርነል በዲስክ ላይ ሲጻፍ ከመጀመሪያው ጀምሮ በልኩ ያህል ብቻ ነው የሚያጠፋው። የእንዲህ ዓይነት ዲስክ ክፍሎች ደግሞ የሚጀምሩት ከአንድ ሜጋባይት፣ ከሺህ ኪሎባይት በኋላ ነው። እንግዲህ የጠፋው መጀመሪያው ላይ ያለችው ትንሽ ሠንጠረዥ ናት፤ የትኛው ክፍል ከየት እስከ የት እንደሆነ የምትናገረው። መጽሐፍ ማውጫው ተቀዶበት ገጾቹ ያልተነኩ እንደ ማለት ነው።

«ዘሀራ» አልኳት፤ «ድምፁ አለ። ማሽኑ የት እንዳለ ነው የማያውቀው። ላገኘው እችል ይሆናል።»

«ይሆናል ነው የምትይኝ?»

«ይሆናል።»

ያንን ሠንጠረዥ የሚመልስ የተዘጋጀ ፕሮግራም እንዳለ አውቃለሁ፤ ማውረድ ብቻ ነበር። ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርክ የለም። ይህን እያልኩ ሳለሁ መብራትም ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ያረጀ ነው፤ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ይይዛል። ከተማውን፣ መብራቱን፣ ኔትወርኩን፣ ራሴን በየተራ ረገምኩ።

አብየ ከሱቁ ሲመለስ ደጃፉ ላይ አገኘን። ነገሩን ሲሰማ ራሱን ያዘ። «ሂዱና ሽማግሌዎቹን ቀጠሮ አስለውጡ» አለ።

«አብየ፣ ያ ሰውየ ስንት ጊዜ ተጠርቶ ቀርቷል? የዛሬው ቀጠሮ ከፈረሰ ዳግመኛ አይመጣም» አለች ዘሀራ። ወደ እኔ ዞረች። «ተነሽ። ጋሽ ጌታቸው ጄኔሬተር አላቸው።»

ጋሽ ጌታቸው በገበያው ዳር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። ስንደርስ ደጃፋቸው በሰው ተሞልቷል፤ መብራት ሲጠፋ ሁሉም እሳቸው ጋ ነው የሚመጣው። ዘሀራ ጆሯቸው ላይ ጎንበስ ብላ ነገረቻቸው። እሳቸውም ቆም ብለው አዩኝና ፎቶ ኮፒውን አጠፉት።

«ጋሽ ጌታቸው፣ ተራዬ እኮ ነው!» አለ አንዱ።

«ጄኔሬተሩ ሁለቱን አይችልም። የቸኮለ ሌላ ቤት ይሂድ» አሉና ገመዱን ለእኔ ሰጡኝ። «አብሽሪ ልጄ፣ አይዞሽ፤ ሥሪ።»

ከማስነሻው ፍላሽ ሊኑክስን አስነሣሁ። አንድ ሜጋባይት አልፌ ያለውን የዲስኩን ክፍል ጥሬውን አወጣሁት። ቁጥር በቁጥር ላይ ተደርድሮ መጣ፤ ከመካከሉ የዊንዶውስ ክፍል መጀመሪያ ላይ የሚጻፉት አራት ፊደላት ቁጭ ብለዋል። «አለ!» አልኩ። ይህ ትንሹ የመጀመሪያ ክፍል ነው። ርዝመቱ እዚያው ውስጥ ተጽፏል። በመጀመሪያው ላይ ርዝመቱን ብደምር ሁለተኛው ክፍል የሚጀምርበትን አገኛለሁ፤ ከሁለተኛው ሦስተኛውን። የሀዋ ድምፅ ሦስተኛው ውስጥ ነው።

ይህን እየሠራሁ ጥላ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ቀና ስል ደላላው ነው። ወረቀት ኮፒ ሊያደርግ መጥቶ።

«ምነው ዘሀራ፣ ምን ገጠማችሁ?» አለ።

ዘሀራ ፊቷን አዞረችበት። ከደጃፉ ሰዎች አንዱ ግን፣ «ኮምፒውተራቸው ተበላሽቶ ነው፣ እኛንም አስቆሙን» አለለት።

ደላላው ስክሪኑን አየ፤ ጥቁር ላይ ነጭ ቁጥር ብቻ ነው። ፈገግታው ቀስ ብሎ ሲመጣ አየሁት። «አላህ ያግዛችሁ» አለ። «እንግዲህ ከዙህር በኋላ እንገናኛለን፤ ወላሂ አልቀርም።» ወረቀቱን ሳያባዛ ሄደ።

በሕይወቴ ሰውን እንደዚያ ጠልቼ አላውቅም። ዘሀራ ትከሻዬን በኃይል ጨበጠችኝ። «እሱን ተይው። ቁጥርሽን እይ።»

ደመርኩ፣ ፈለግኩ፤ አራቱ ፊደላት እንደገና መጡ። ሁለተኛው ክፍል ተገኘ ብዬ ርዝመቱን ወሰድኩ፣ ደመርኩ፣ ወደ ሦስተኛው ሄድኩ። ምንም የለም። ባዶ። ደግሜ ደመርኩ። ባዶ። በእጄ ወረቀት ላይ ሠራሁት። ባዶ። ወዲያው ከመስጊዱ የዙህር ሶላት ጥሪ፣ አዛኑ፣ ተሰማ።

«አዛን ነው» አለች ዘሀራ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

«ሰማሁ!»

«ሰሚራ...»

«አታናግሪኝ!» ብዬ ጮህኩባት። ጮህኩባት፤ ጥፋቱ የእኔ፣ ጩኸቱም የእኔ።

ያኔ ነው ወረቀቱ ላይ ያየሁት። የመጀመሪያው ክፍልና የሁለተኛው ክፍል ርዝመት አንድ ነው። አንድም ቁጥር አይለያይም። እንዴት ትንሹና ትልቁ እኩል ይሆናሉ? ያገኘሁት ሁለተኛው ክፍል አልነበረማ! እያንዳንዱ ክፍል የመጀመሪያ ገጹን ግልባጭ ለክፉ ቀን መጨረሻው ላይ ያስቀምጣል፤ እኔ ያገኘሁት ያንን ግልባጭ ነበር። እውነተኛው ሁለተኛ ክፍል የሚጀምረው ከእሱ ቀጥሎ ነው። አንድ እርምጃ ብቻ።

አንድ ጨመርኩ። ተገኘ፤ ርዝመቱም ትልቅ ነው። ደመርኩ፣ አሁንም አንድ ጨመርኩ። ሦስተኛው ተገኘ።

የቀረው ሠንጠረዡን በእጄ ሠርቶ ዲስኩ መጀመሪያ ላይ መጻፍ ነበር። ለከርነሌ ስል ስንት ጊዜ ያየሁት ሠንጠረዥ ነው፤ የቱ ቁጥር የት እንደሚገባ በቃሌ አውቀዋለሁ። ሠራሁት። የመጻፊያውን ትእዛዝ ጻፍኩ። ጠዋት የጻፍኩት ያው ትእዛዝ ነው። ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆመ፤ መጫን አቃተኝ።

«ምን ቀረሽ?» አለች ዘሀራ።

«ፊደሉን አንብቢልኝ። መጨረሻ ላይ ያለውን።»

ጎንበስ አለች። «ኤ» አለች።

«አሁን ትክክሉ ኤ ነው» አልኩና ተጫንኩት።

ክፍሎቹ ተዘርዝረው መጡ። ሦስተኛውን ከፈትኩ። «ሀዋ» የሚል ማኅደር አለ። ውስጡ አሥራ አንድ ድምፅ። አንዱን ነካሁት። ቀጭን፣ የደከመ የሴት ድምፅ «አሰላሙ አለይኩም ጋሼ፣ ዛሬም እኔ ነኝ...» ሲል ዘሀራ በመዳፏ ስክሪኑን ሸፈነችው።

«አጥፊው። ከዚህ ሁሉ ሰው በፊት እናቷ ይስሙት።»

ወደ ፍላሼ ገለበጥኩት፤ ጋሽ ጌታቸው ኮምፒውተር ላይም ገለበጥኩት። ከዚያ ሮጥን።

እትየ ዘይነባ ቤት ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ሸህ ኑሩ መካከል ናቸው። ደላላው ቀድሞን ደርሶ ነገሩን ጀምሯል። «እነዚህ ልጆች ማስረጃ አለን ብለው ስሜን አጠፉ፤ ዛሬ ደግሞ ኮምፒውተራችን ተበላሸ ሊሉ ነው። ለአላህ ብላችሁ ፍረዱኝ» እያለ ነው።

ዘሀራ ላፕቶፑን እትየ ዘይነባ ፊት አስቀመጠችና፣ «እትየ፣ ይችሉታል?» አለቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሀዋ ተናገረች። ሆዴን፣ ትኩሳት፣ አልቆምም፣ ሐኪም ቤት ብቻ ይውሰዱኝ። ከዚያ የእሱ ድምፅ መጣ። «ቻይው። ሰው አገር ያለ ሁሉ ያመዋል። ውሉን ካፈረስሽ የምታዋርጂኝ እኔን ነው። ሁለተኛ እንዳትደውይ።» ከዚያ እንደገና ሀዋ። እንደገና እሱ። የመጨረሻው ላይ እሷ ብቻ ናት፤ መልስ የለውም።

«ይህ ቅንብር ነው» አለ ደላላው። «ዛሬ ድምፅም ይሠራል፤ ያች ልጅ ኮምፒውተር ተምራለች። ጠዋት ጌታቸው ቤት ሲሠሩት በዐይኔ አይቻለሁ።»

ልመልስለት ስነሣ ሸህ ኑሩ በእጃቸው አስቀመጡኝ። «አንተ» አሉት ረጋ ብለው፤ «ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ነህ። ድምፅህን ለእኔ ልታስረዳኝ ነው?»

አንገቱን ደፋ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «እንግዲህ ሰው ይሳሳታል፤ ዘይነባ፣ ለአላህ ብለሽ አፉ በይው» አሉ። እኛ ዘንድ ነገር እንዲህ ነው የሚዘጋው። «አፉ» ብለህ ይቅር ትላለህ፣ ዱአ ይደረጋል፣ ያልቃል።

እትየ ዘይነባ ተነሡ። «ሁለት ዓመት» አሉ፤ «ልጄ ራሷን ገደለች ተብዬ ሰው ፊት ቀና አላልኩም። እሷ ግን ስትለምንህ ነበር። እየለመነችህ ነው የሞተችው።» በሩን ከፈቱት። «አፉ አልልም። ከቤቴ ውጣ።»

ወጣ። ማንም አልሸኘውም። ነገሩ አሁን ሕግ ፊት ነው፤ አላለቀም፣ መቼ እንደሚያልቅም አላውቅም። ግን በዚያው ሳምንት ሰዎች እንደገና ለቅሶ ደረሱ፤ እትየ ዘይነባም ልጃቸውን በስሟ እየጠሩ አለቀሱ።

ዘሀራ ከእኔ ጋር አልታረቀችም። ሁለት ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም። አንድ ቀን፣ «እኮ አግኝቼልሻለሁ!» ብዬ ብቆጣ፣ ቀና ብላ አየችኝ። «ሁለት ነገር አድርገሻል» አለችኝ። «አጥፍተሻል፣ አግኝተሻል። አንዱ ሌላውን አያጠፋውም።» እኔም ስለ እውቀቴ የሚያመሰግነኝ ሰው ሲመጣ ያንን እነግረዋለሁ። ያጠፋኝም ያዳነኝም ያው ግማሽ ያወቅኩት እውቀት ነው፤ ከርነሌንም ዛሬ ድረስ የምጽፈው ለዚህ ነው፤ ግማሹ እንዲሞላ። አሁን ግን በራሴ አሮጌ ማሽን ላይ።

ጋሽ ጌታቸው ከዚያ በኋላ በቤታቸው ጥግ ጠረጴዛ ሰጡኝ። ከዐረብ አገር የተመለሱ ሴቶች ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ። ውላቸውን፣ ፎቷቸውን፣ የድምፅ መልእክታቸውን በሁለት በሦስት ቦታ እገለብጥላቸዋለሁ። የምሰማውን ብጽፍ ሌሊት አትተኙም። እናንተ የምታነቡኝ ሰዎች፣ ውጭ ያለች እህት፣ ልጅ፣ ሚስት ካለቻችሁ፣ የላከችላችሁን ድምፅ ዛሬውኑ ገልብጡት። ነገ አትበሉ። «አሞኛል» ስትላችሁ ደግሞ እመኗት።

ደላላው አሁንም በደጃፋችን ያልፋል። አንዳንድ ቀን ቆም ብሎ፣ «ሰሚራ፣ ደኅና ዋልሽ?» ይለኛል፣ ምንም እንዳልሆነ። ጎረቤት፣ ዘመድ፣ አብየ ሳይቀር፣ «ቂም ለአንች ነው የሚከፋው፤ ሰላምታ ምን አለበት?» ይሉኛል። ይበሉ። ይቅርታው የእትየ ዘይነባ ነው፤ እሳቸው እስኪሰጡት ድረስ እኔ አፌን አልከፍትለትም።